ካልነበረብኝ በሽታ ተፈወስኩ

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን! ዛሬ መመስከር እፈልጋለሁ። ፕሮግራም መሪው ወንድማችን ማይኩን ሲሰጠኝ ቀስ ብሎ «እኅቴ፣ ባጭሩ» ብሎኛል። ባጭሩ የሚሆን ነገር ቢሆን ኖሮ እኔም ባጭሩ በዳንኩ ነበር። ስለዚህ ታገሡኝ። ጌታ ይህን ያህል ጊዜ ከታገሠኝ እናንተ አንድ እሑድ ጠዋት አያቅታችሁም።

እዚህ መድረክ ላይ ሰው ወጥቶ ዕጢዬ ጠፋ፣ ስኳሬ ወረደ፣ የታሰረው እግሬ ተፈታ ሲል ሰምተናል፤ ክብር ለስሙ ይሁን። የእኔ ትንሽ ለየት ይላል። እኔ የተፈወስኩት ካልነበረብኝ በሽታ ነው። አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁ፤ አሁን እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ያ ያልነበረብኝ በሽታ ያለኝን ሁሉ ሊወስድብኝ ነበር።

ለማታውቁኝ፣ የሺ እባላለሁ። አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ቤታችን አቦከር ነው። የአባቴ አያት ወታደር ሆነው ወደ ሐረር መጥተው በዚያው ቀሩ፤ እኛም የዚሁ አገር ልጆች ሆነን ቀረን። እናቴ እስከ ዛሬ ኦርቶዶክስ ናት፤ እኔ ግን ጌታን ያገኘሁት በትምህርት ቤት ጓደኛዬ በኩል፣ ገና ዩኒፎርም ለብሼ ሳለሁ ነው። መዘምራን ውስጥ አደግኩ። ባለቤቴን ጌታሁንን ያገኘሁት እዚያው ነው፤ ያኔ ጊታር ይመታ ነበር፣ አሁን ኤረር በር አጠገብ ባጃጅ ይጠግናል። ማህሌት የምትባል አንዲት ልጅ ሰጥቶናል። እንግዲህ ድኛለሁ፣ ተጠምቄያለሁ፣ እዘምራለሁ። ጭንቅላቴ ግን አልዳነም ነበር። ወገኖች፣ ይሄ ይቻላል። ነፍስ ድና ጭንቅላት ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ማንም አልነገረኝም እንጂ።

ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። አንዲት ጓደኛዬ መንገድ ላይ ሰላም ሳትለኝ ካለፈች፣ «ምን አድርጌያት ነው?» እያልኩ ሳምንት እከርማለሁ። እናቴ «ይህች ልጅ ነገር ታመነዥካለች» ትል ነበር። እኔ ደግሞ ጥልቅ አሳቢ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አስተዋይ ነኝ ብዬ ኮርቼበት አውቃለሁ እኮ!

ነገሩ የጀመረው ከጆሮዬ ሥር ሽምብራ የምታህል እብጠት በወጣች ጊዜ ነው። ጌታሁን ይዞኝ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ደግ ፊት አለው። ዳሰሰኝ፣ ደሜን አስመረመረ፣ አልትራሳውንድ አዘዘ፤ ውጤቱን ግራ ቀኝ አገላብጦ አየና «ለጊዜው ምንም የለም» አለኝ። ጉሮሮሽ ታሞ ስለነበር ነው፣ በራሷ ትጠፋለች አለ። እውነቱን ነው፤ ጠፋች።

ተመስገን ብለን ወጣን። ጌታሁን እስከ ግቢው በር ድረስ እያንጎራጎረ ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ቆም አልኩ። ለጊዜው? ለጊዜው ማለት ምን ማለት ነው? «ምንም የለም» ብሎ ቢተወው ምን ነበረበት? ጌታሁንን ጠየቅሁት። ምንም የለም ማለት ነው አለኝ። እንደዚያ ከሆነ ለምን እንደዚያ ብሎ አልነገረኝም አልኩት። «የሺዬ፣ አቦ ደስ ይበልሽ እንጂ!» አለና ባጃጅ ጠራ። እሱ ባጃጁ ውስጥ የገባው ከእኔ ጋር ነው፤ እኔ ግን የገባሁት ከዚያች ቃል ጋር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጥያቄው አንድ ነው። ለጊዜው ከሌለ፣ በኋላስ? ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። መልስ የለውም፤ ግን በመጣ ቁጥር አዲስ መስሎ ይመጣል። ቁርስ ላይ ይመጣል። ታክሲ ስጠብቅ ይመጣል። ክፍል ውስጥ ልጆቹን «በ‹ለ› የሚጀምር ቃል ንገሩኝ» ስላቸው አንዱ «ለውዝ» ይላል፣ አንዷ «ለምለም» ትላለች፣ እኔ ጠመኔውን ይዤ በሆዴ የራሴን ቃል እላለሁ። እዚሁ መዘምራን መካከል ቆሜ፣ አፌ እየዘመረ፣ ጭንቅላቴ ዶክተሩ ያንን ቃል ሲናገር ዓይኑ ወዴት እንዳየ ይመረምር ነበር። ወደ መስኮቱ ነበር ያየው። ለምን ወደ መስኮቱ? እናንተው ፍረዱኝ፤ ሰው ወደ መስኮት አያይም?

ጫት ቅሜ አላውቅም፣ ግን የሐረር ልጅ ነኝ፤ ሲቃም አይቻለሁ። ቃሚ እንኳ ሲጨርስ የማይቃመውን ገራባ ለፍየል ይጥላል። እኔ ፍየሏ የተወችውን ገራባ አንስቼ መልሼ የምቅም ሰው ነበርኩ።

እንቅልፌ ሄደ። እንቅልፍ ሲሄድ የምግብ ፍላጎቴን ይዞት ሄደ። ስከሳ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አገኘሁ፤ «አየሽ፣ እየከሳሽ ነው፣ በሽታው ጀምሮሻል» ይለኛል ጭንቅላቴ። ልቤ ድው ድው ሲል «ይኸው!» እላለሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥ «ይኸው!» እላለሁ። ራሱ አክስቶኝ፣ ራሱ አንቀጥቅጦኝ፣ ራሱ መልሶ ይመሰክርብኛል። እንዲህ ያለ ከሳሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደስታ የሚባለው ነገር ከቤቴ ወጣ። ማህሌት ቀልድ ስትነግረኝ ከንፈሬን ለመሳቅ አዛለሁ፣ ከንፈሬም እንቢ ይላል። ክፍል ውስጥ እርሳስ ወድቆ ድምፅ ቢያሰማ እጮሃለሁ። አዝኜ ነበር፣ ፈርቼ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ግን ደክሞኝ ነበር።

ሰዉ ደግሞ ያውቃል መድኃኒቱን! «አታስቢ!» እናቴ «አታስቢ፣ አታሟርቺ።» ጌታሁን «አታስቢ።» ርዕሰ መምህሩ «መምህርት፣ አታስቢ።» የግድግዳ ጎረቤታችን እማማ ረውዳ፣ የጀጎል ሰው ናቸው፣ እንደ እናት የሚያዩኝ፣ እሳቸውም «አብሽሪ ልጄ፣ አታስቢ፣ አላህ ያውቃል።» ቲማቲም የምትሸጥልኝ ልጅ ሳትቀር «እትዬ፣ ከሳሽሳ! ሐሳብ ነው እንዴ? አታስቢ።» ሐሳቡን ከሱቅ ገዝቼው የመጣሁ ይመስል! ወገኖች፣ ስቅታ የያዘውን ሰው ስቅ አትበል በሉትና ይቆም እንደሆነ እዩት። አታስቢ ባሉኝ ቁጥር ምን እንዳላስብ አስታወሱኝ። በፍቅር ነው ያሉት፣ አውቃለሁ። ግን አታከቱኝ!

ታዲያ ወደ እግዚአብሔር ቤት ልሂድ አልኩ። በሴቶች ጸሎት ላይ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ እጄን አነሣሁ። «እኅቶቼ፣ እኔ የምሞት ይመስለኛል...» ብዬ ሳልጨርስ እኅት አልማዝ መጥታ አፌን በእጇ ያዘች። እዚያ ተቀምጣለች፣ እዩዋት፣ እየሳቀች ነው፤ ነግሬያታለሁ፣ ይቅርም ተባብለናል። «እኅቴ፣ በአፍሽ አታውጂው! ያወጅሽው ይሆናል!» አለችኝ። እኅቶች ሁሉ «በኢየሱስ ስም አይሁንብሽ!» አሉ። ከዚያ አልማዝ መመሪያ ሰጠችኝ፤ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ገሥጪው፣ ውጣ በይው።

እኔ ታዛዥ ነኝ። ገሠጽኩ። ሽንኩርት ስከትፍ እገሥጻለሁ፣ ደብተር ሳርም እገሥጻለሁ። አንድ ቀን ከፈረስ መጋላ ወደ ቤት ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ ከአንድ ጎረምሳ አጠገብ ተቀምጬ፣ ሐሳቡ ድንገት መጣ። ሳላስበው ድምፄን ከፍ አድርጌ «ውጣ!» አልኩ። ባጃጁ ቆመ። ጎረምሳው ዞሮ አየኝ። «እኔን ነው?» አለ። «አቦ፣ እኔ ምን አደረግኩ?» እያለ ወርዶ ሄደ! ወንድሜ ሆይ፣ ዛሬ በመካከላችን ካለህ ይቅር በለኝ፤ አንተን አልነበረም።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አንድ ነገር ገባኝ፣ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሐሳቡን ለማስወጣት መጀመሪያ ጠርቼ ማስገባት አለብኝ። ስገሥጽ መዋል ማለት ስጠራው መዋል ማለት ነው። እንዳልናገረው ደግሞ ያወጅኩት እንዳይሆን ፈራሁ። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። አፌ ሲዘጋ እሱ ውስጥ ብቻውን ሰፊ ቤት አገኘ።

አሁን የማወራውን ማውራት ይከብደኛል። ግን የጌታ ክብር ይገለጥ።

የምሞት መሆኔን አመንኩ። አንዴ ካመንኩ በኋላ፣ አስተዋይ ነኝ አላልኳችሁም? ማስተዋሌን ሥራ ላይ አዋልኩት። ማህሌትን ያለ እኔ መኖር ላለማምዳት ወሰንኩ። ከእኔ ጋር መንገድ ስትሄድ እጄን ስትይዝ ቀስ ብዬ አስለቅቃታለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሮጣ ልትታቀፈኝ ስትል ሥራ ያለኝ መስዬ ፊቴን አዞራለሁ። እንዳትለምደኝ ብዬ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የለመደችኝን ልጅ እንዳትለምደኝ! ልጅቷ መጀመሪያ ጠየቀችኝ፣ ቀጥሎ አኮረፈች፣ በኋላ ዝም አለች። ዝም ስትል ለመደች ብዬ ተጽናናሁ። እንደዚህ ነው ያበደው ጭንቅላቴ፤ ልጄ ስትጎዳ ውጤት አገኘሁ ብሎ ያስብ ነበር።

በመጨረሻ ድሬዳዋ ያለችው የጌታሁን እኅት ጋ ሄዳ ትማር አልኩ። ለጌታሁን እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ይሻላል ብዬ ነገርኩት። አስተማሪ ሆኜ ይህንን ስናገር ሰበብ መሆኑ እንዳልገባው አትቁጠሩ። ጌታሁን ተቆጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን እጁን ከነግሪሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንዲህ አለኝ። «ልጄ እናት አላት። እናቷ ግን መኖሯን አታምንም።» አለቀስኩ፣ ለመንኩት፣ ምግብ አልበላም አልኩ፤ አሰለቸሁት። «እንግዲህ የፈለግሽውን አድርጊ» አለኝ። በማግሥቱ ጠዋት ማህሌትን ስሟት ወደ ሥራው ሄደ፤ እኔን ግን ቻው አላለኝም።

የልጄን ሻንጣ ይዘን በራችን ላይ ቆምን፤ ወደ መናኸሪያ የሚወስደንን ባጃጅ እየጠበቅን ነው። ማህሌት አዲሱን ጫማዋን አድርጋለች። አላለቀሰችም። ጎረቤት ስትላክ እንደምትጠይቀው፣ በተራ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ስትሞቺ ማን ይነግረኛል? አባዬ ይደውልልኛል?»

ደነገጥኩ። ማነው እሞታለሁ ያለሽ አልኳት። «አንቺ ነሻ» አለችኝ። «ወጥ ስትሠሪ ለብቻሽ ትያለሽ።»

ቅዱሳን፣ ያንን ሐሳብ ውስጤ ሆኖ ስሰማው ትልቅ እውነት ይመስል ነበር። ሽማግሌ የሚናገረው ይመስል ነበር። በልጄ አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያ ስሜቴ ቁጣ ነበር፤ ለሕፃን ልጅ እንዲህ ያለ ነገር የሚነግራት ማን ጨካኝ ነው? መልሱን ደግሞ አሁኑኑ ነግራኛለች። ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ። ባጃጁ መጣ፣ ጥሩምባውን ነፋ፣ ሰው ሲያጣ ሄደ።

እማማ ረውዳ ከገበያ ሲመለሱ እንደዚያ ሆኜ አገኙኝ። ምን ሆንሽ አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ስለ እብጠቱ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ልጄ። እሳቸው ዘንቢላቸውን አስቀምጠው አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አብሽሪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉኝም።

«ሐኪሙ ለጊዜው አለሽ?» አሉኝ።

አዎ አልኩ።

«ለጊዜው ማለት ምን ማለት ነው ብለሽ ጠየቅሽው?»

አይ፣ አልጠየቅሁትም አልኩ።

«ወላሂ! ታዲያ እስካሁን ማንን ስትጠይቂ ነው የከረምሽው?»

ሃሌ ሉያ! ወገኖች፣ እግዚአብሔር በማን አፍ እንደሚናገር አይታወቅም። እኔ ራሴን ስጠይቅ ነበር የከረምኩት። የማያውቀውን ሰው ጠይቄ፣ ሳይመልስልኝ ሲቀር ተናድጄ፣ መልሼ እሱኑ እጠይቃለሁ። ሐኪሙን አልጠየቅሁ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ተንበርክኬ፣ አምላኬንም አልጠየቅሁትም ነበር። ጸለይኩ የምለው የራሴን ፍርሃት ለራሴ እየደገምኩ መጨረሻው ላይ አሜን ማለት ነበር።

ማህሌት ያን ቀን ድሬዳዋ አልሄደችም። ሻንጣውን እማማ ረውዳ ተሸክመው መልሰው ቤት አስገቡት። ለጌታሁን ደወልኩለት፤ ከነሥራ ልብሱ መጣ። ሦስታችንም ወደ ሆስፒታል ሄድን።

ያው ሐኪም ነው። ለጊዜው ብለኸኝ ነበር፣ ምን ማለትህ ነው አልኩት። ግራ ተጋባ። «ብያለሁ እንዴ?» አለ። አጠገቡ የነበረችው ነርስ ሳቋ አመለጣት። «ዶክተር ሳያውቁት ነው፤ ለሁሉም ነው የሚሉት» አለችኝ። «ምሳ በሉ ወይ ስላቸው እንኳ ለጊዜው በልቻለሁ ይላሉ!»

የአፍ ልማድ! ልብ በሉ፤ በአንድ ሰው የአፍ ልማድ ምክንያት ልጄን ልሰጥ ነበር። ደስታ መምጣት ሲገባው ንዴት መጣብኝ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ላንቀው ደርሼ ነበር። ምስኪኑ ሐኪም ቀልቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አንገቴን እንደገና መረመረ። «አንገትሽ ጤነኛ ነው፤ በሽታ የለበትም» አለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጠ። ቀጥሎ ግን ቁጭ በይ አለኝና፣ እንቅልፍ ማጣትሽና አንዱን ሐሳብ መደጋገምሽ ራሱ ሕመም ነው፣ እዚሁ ግቢ የአእምሮ ጤና ክፍል ሄደሽ ተነጋገሪ አለኝ። ወይ ድፍረት! እኔ እብድ ነኝ እንዴ? አመሰግናለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ያችው የግቢ በር ጋ ደረስን። ጌታሁን በደስታ ማህሌትን ትከሻው ላይ ሰቅሏታል። ጭንቅላቴ ደግሞ «ምናልባት እኮ ሊያጽናናሽ ብሎ ነው» አለኝ። እዚያው በሩ ላይ! መልሱን ባገኘሁ በደቂቃው! አሁን ግን ሳልቆጣ፣ ሳልገሥጽ፣ ቆሜ አየሁት። ታማሚው አንገቴ አለመሆኑ ያኔ ገባኝ። ምንም መልስ ቢሰጡት የማይጠግብ ነገር ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው። «ጌትሽ፣ እንመለስ» አልኩት። በራሴ እግር ተመለስኩ።

እዚያ ክፍል ያገኘኋት ሲስተር ጠና ያለች ሴት ናት፣ ቀልድ አታውቅም። ሁሉንም ተናገሪ አለችኝ። አፌን አልያዘችም። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፤ «የምታስቢ ይመስልሻል። እየደገምሽ ነው።» ያሰበ ሰው አንድ ሥራ ይዞ ይነሣል፤ የደገመ ሰው ደክሞት ይነሣል አለች። ሐሳቡ ሲመጣ አትታገይው፣ አታባርሪው፤ አሁን በእጄ ልሠራው የምችለው ነገር አለው ወይ ብለሽ ጠይቂው፤ ካለው ተነሺና ሥሪው፣ ከሌለው መጣህ በይውና ወደ ያዝሽው ሥራ ተመለሺ። ለተወሰነ ጊዜ መድኃኒትም ሰጥተውኛል። ወስጃለሁ፣ አላፍርበትም። መነጽር ያደረገ ወንድማችን ያፍራል? መድኃኒት ወሰድሽ፣ እምነትሽ የት አለ ያለኝ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። እምነቴ እኮ ነው ተነሺ ብሎ ወደዚያ የወሰደኝ!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይገቡ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩ። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈውን ነበር። አትጨነቁ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ተናደድኩ፤ በግልጽ ልናገር፣ ተናደድኩ። አንተም ጀመርክ? አልኩ። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነበር የምዘጋው። ያን ቀን ግን ደወሉ ገና ስለነበር ዝቅ ብዬ አነበብኩ። እውነት የሆነውን፣ ጻድቅ የሆነውን፣ መልካም ወሬ ያለበትን ይዘረዝርና ምን ይላል? አስቡ ይላል። አስቡ!

ክብር ለጌታ ይሁን! ሁሉ አታስቢ ሲለኝ፣ በሐረር ከተማ ውስጥ አስቢ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ጭንቅላቴን አልጠላውም። ጣይው አላለኝም። የፈጠረው እሱ ነውና ሥራ ሰጠው። እዚያች የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ። ከዚያ ድምፄን አውጥቼ፣ ያወጅኩት ይሆናል ብዬ ሳልፈራ፣ እንዲህ አልኩት፤ «ጌታ ሆይ፣ እሞታለሁ ብዬ ፈርቻለሁ። ልጄ ያለ እናት ትቀራለች ብዬ ፈርቻለሁ። ማን ያሳድግልኛል?» በሕይወቴ የጸለይኩት የመጀመሪያው ጸሎት እሱ ሳይሆን አይቀርም። አጭር ነበር። አልደገምኩትም። አንዴ ነግሬው እሱ ጋ ተውኩት፤ ተነሥቼ ሰሌዳውን ጠረግኩ፤ ልጆቹም ገቡ። ሰላም ተሰማኝ። ትንሽ ሰላም ናት፣ እውነቱን ልናገር፤ ግን የራሴ አልነበረችም፣ የተሰጠችኝ ናት።

አሁን ሐሳቡ ጨርሶ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽላችሁም። ይመጣል። ዛሬ ጠዋት ፀጉሬን ሳበጥር መጥቷል፤ ይሉኝታ የለውም! ግን ወንበር አልስብለትም። እተኛለሁ፣ እበላለሁ፤ ክፍል ውስጥ እርሳስ ሲወድቅ አንሡት እላለሁ። ስስቅ ከንፈሬን አላዝም፤ በራሱ ይስቃል። ተመስገን!

ማህሌት ግን ቶሎ አላመነችኝም። ሳቅፋት ተገትራ ትቆማለች፤ መቼ ነው የምታስለቅቂኝ የምትል ይመስላል። ይሄ ነው ከሁሉ ያሳመመኝ፤ ጌታሁን ታገሺያት አለኝ፣ ታገሥኩ። አንድ ቅዳሜ ፀጉሯን ልሠራት በጉልበቴ መካከል አስቀምጫት ሳለሁ፣ ሳትዞር ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ አሁን አትሞቺም አይደል?»

አልሞትም ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ምን አለበት፣ ትጽናና አልኩ። ግን ልጄን በውሸት ላጽናናት አልፈለግሁም፤ እውነት የሆነውን አስቡ ነው የተባልኩት። እጄን ከፀጉሯ ሳላነሣ፣ «አንድ ቀን እሞታለሁ፤ መቼ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬ ግን ፀጉርሽን እየሠራሁ ነው» አልኳት። እያሰበች ነበር። ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ደረቴ ላይ አስደገፈች። እዚያው ላይ ተወችው። ሹሩባውን መጨረስ አቃተኝ፤ እኔም አልቸኮልኩም።

ወገኖቼ፣ ምስክርነቴ ይኸው ነው። ሐኪሙን፣ ሲስተሯን፣ እማማ ረውዳን፣ ያልተወኝን ባሌን ስለሰጠኝ አምላኬን አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ አንዱን ነገር ይዞ ለብቻው የሚደጋግም ካለ፣ ዛሬ ሳይናገር ወደ ቤቱ አይሂድ። ለሚያውቅ ሰው ይንገር፣ ሐኪምም ይጠይቅ፤ ጌታን ደግሞ በድምፁ፣ በገዛ ቃሉ ያነጋግረው። ይታመንበት። ጌታ አይደነግጥም፣ አፍ አይዘጋም፣ ልጅንም ከእናቷ ጉያ አያስወጣም። እኔ ታምኜበት አላፈርኩም። ልጄ ያቻት፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ አባቷ አጠገብ። ሹሩባዋ በግራ በኩል ትንሽ ጠሟል፤ ስንመጣ ተቻኩለን ነው። ነገ አስተካክልላታለሁ።